የቅዳሜ ውኃ

አባቴ የሞተ ለት ጠዋት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን የለመንሁት ነገር እደጄ መጣ። ዝም ብል ብቻ ይፈጸም ነበር። አንዲት ቃል አልተጠየቅሁም፣ አንዲት ጣት ማንሳት አላስፈለገኝም። እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ። ያን ጠዋት ለመንገር ግን ከማንቆርቆሪያው መጀመር አለብኝ። ነገሩ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ ማንን አማለሁ?

አባቴ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ካለ ሰፈር የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር። ሙስሊም ነው፤ አምስት ወቅት ሰላቱን ሳያጓድል የኖረ ሰው። እኔም እዚያው ቤት ሙስሊም ሆኜ አደግሁ። በሃያ ዓመቴ ከአንድ የኮምቦልቻ ክርስቲያን ጋር ተዋደድሁና ክርስትና ተነስቼ አገባሁት። ወሎ ውስጥ ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ዘር ቢቆጠር ቄሱና ሼሁ አንድ አያት ላይ ይገናኛሉ። አባቴ ግን አኮረፈ፤ ሁለት ዓመት አላናገረኝም። የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ አንድ ጠቦት በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ድረስ መጣ። ጠቦቱን ለባለቤቴ አስረከበና፣ "እናንተ እረዱት፣ እናንተው ብሉት፤ ለእኔ ሽሮ ይበቃኛል" አለ። ሽሮውን በልቶ ልጅቱን አቀፈ፣ "አላህ ያሳድግሽ" ብሎ መረቃት፣ ከዚያ የመጋረጃችን ጠርዝ የተተረተረ መሆኑን አይቶ መርፌና ክር ጠየቀኝ። በዚህ ታረቅን።

እኔ ግን በእርቁ አልረካሁም። ከክርስቲያን ቤት ከተወለዱት በላይ እጾም ነበር። ባለቤቴ እንኳ፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ ጳጳስ ልትሆኚ ነው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ በልቤ ውል ይዣለሁ። እኔ ጾሜን እጾማለሁ፣ ስግደቴን እሰግዳለሁ፣ ኪዳን አላስታጉልም፤ እግዚአብሔር ደግሞ አባቴን ያመጣልኛል። እኔን ከዚያ ቤት ጎትቶ ካወጣኝ፣ አባቴን እዚያው ሊተውብኝ ነው? ይሄን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ "ልጄ፣ ለምኚ፤ ጊዜውንና መንገዱን ግን ለእሱ ተዪለት" አሉኝ። መተው የሚባል ነገር እኔ የት አውቄ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንዲያው ስሜን ሳይጠሩ ነው የተናገሩብኝ።

ደግሞም በእልህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው። ማታ ማታ ስጸልይ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። እኔ ድኜ አባቴ ሊቀር ነው ማለት ነው? ገነት ብገባና ዞር ዞር ብዬ ሳይ እሱ ከሌለ ምን ሊረባኝ ነው? ይሄን ማንም ፊት ተንፍሼው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

እንዲህ ሆኜ ሃያ ዓመት አለፈና አባቴ ታመመ። ልቡ ደክሟል አሉን። እግሩ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያጠረ መጣ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፣ ጨው ከለከለው፣ ታናሽ ወንድሜን ደግሞ ለብቻው ጠርቶ ብዙ ተስፋ እንዳናደርግ ነገረው። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከአባቴ ጋር ነው የሚኖር። ይሄን ሲነግረኝ እኔ ያሰብሁት ስለ ልቡ አልነበረም። ጊዜው ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ነው የደነገጥሁት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በቀጣዩ ቅዳሜ በማለዳ ከኮምቦልቻ ተነስቼ፣ ደሴን አልፌ ገራዶ ወረድሁ። እዚያ ካለ ቤተ ክርስቲያን ጸበል በሁለት ቢጫ ጀሪካን ቀዳሁና በባጃጅ አስጭኜ አባቴ ቤት ይዤው ገባሁ። የደሴን ውኃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ወንድሜ ጀሪካኖቹን ሲያይ፣ "አላህ ይስጥሽ እታለም፣ እንዴት አሰብሽልን" ብሎ ተቀበለኝ። እኔም አሜን አልሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ አባቴ ከሰላት በፊት ለውዱእ የሚታጠብበትን ማንቆርቆሪያ በጸበሉ ሞላሁት። ቀሪውን ከአልጋው ግርጌ አስቀምጬ፣ "ይሄ ንጹሕ ነው፣ ለእሱ መታጠቢያ ብቻ ይሁን" ብዬ አዘዝሁ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው በቀን አምስት ጊዜ እጁን፣ ፊቱን፣ ራሱን፣ እግሩን በጸበል ይታጠባል። የትኛው ክርስቲያን ነው በቀን አምስት ጊዜ ጸበል የሚነካው? ይሄን ብልሃት ያሳየኝ መንፈስ ቅዱስ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ማርያምን፣ ለአፍታ አልተጠራጠርሁም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእኔ ሥራ ያው ሆነ። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጉም መንገዱን ቢውጠው፣ የትምህርት ቤት ፈተና ወረቀት ታርሞ ባያልቅ እንኳ (አስተማሪ ነኝ) ጀሪካኖቼን ይዤ እወጣለሁ። ሁልጊዜም ስደርስ አባቴን፣ "ሌሊት ሕልም አላየህም?" እለዋለሁ። ብርሃን፣ መስቀል፣ አንዳች ነገር ይነግረኛል ብዬ እኮ ነው። አንድ ቀን፣ "አየሁ እንጂ" አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። "ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ስታገል አደርሁ።"

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። እግሩ ጎደል ሲል እጄን ዘርግቼ አመሰግናለሁ፣ መልሶ ሲያብጥ እነጫነጫለሁ። እግዚአብሔር የዘገየብኝ መሰለኝና አንድ ቅዳሜ ማንቆርቆሪያው ውስጥ እምነት፣ ያን የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ በጣቴ ቆንጥሬ ጨመርሁበት። ያን ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው ሳያውቅ ይሄን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አልታየኝም። እየረዳሁት ነበር የሚመስለኝ። እግዜርን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት፣ ውዱእ ሊያደርግ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ አስታጥበዋለሁ። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"የዛሬው ውኃ ከየት ነው?" አለኝ።

"ከቧንቧ ነዋ።"

"ቧንቧ ከጠፋ ዛሬ አስራ አንድ ቀኑ ነው።"

እሱ መዳፉን አገላብጦ እያየ ቀጠለ። "ያለፈው ሳምንቱ ደግሞ አመድ አመድ ይል ነበር። እሱን ተውሁትና ከጎረቤት ሌላ አስመጣሁ፤ አመድ ከገባበት ለሰላት አይሆነኝም። በቀረው ግን በሁሉም ታጠብሁ።"

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥሁት። "መቼ አወቅህ?" የሚለው ራሱ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

"በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከገራዶ ይዞሽ የሚመጣው ባለ ባጃጅ እኛ መስጊድ ነው የሚሰግደው። ጁምዓ ለት አገኘኝና፣ 'ልጅዎ ጸበል ታመላልሳለች፣ ማን ታሞባት ነው?' አለኝ። እኔ ነኝ የታመምሁባት አልሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ? ለምን ታጠብህበት?"

"ልጄ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ የተሸከመችውን ውኃ ልድፋው? ውኃ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ታጠብሁበት።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "የከፋኝ ሌላ ነው። ጌታሽን ሌባ አደረግሽው። እኔ ቤት መግባት ከፈለገ በር አለኝ፣ ያንኳኳ። በማንቆርቆሪያ ተደብቆ ነው የሚገባ? አንቺስ ሃያ ዓመት ሙሉ የምትጾሚው ለእንዲህ ያለው ነው?"

አባቴ እግሩን ወደ ሳፋው አስጠጋና፣ "በይ አፍስሺው እንጂ፣ ሰላቱ ሊያልፈኝ ነው" አለ። በዚያው ውኃ እግሩን አጠብሁት። እንደ ጎረምሳ የሚኮራበት ቀጭን እግር ነበረው፤ ያን ቀን ጣቴን ስጫነው እንደ ሊጥ ጎደጎደ።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ምንም አላየሁም። መጀመሪያ የተናደድሁት በባለ ባጃጁ ነው፤ ምላሱ ይቆረጥ አልሁ። ሐረጎን ስንጨርስ ንዴቴ ወደ ላይ ዞረ። አምስት ወር ሙሉ ስሸከም እያየህ ዝም አልህ? ባለ ባጃጁ ለአባቴ የነገረውን ያህል እንኳ ለእኔ አትነግረኝም? ቤት ገብቼ የጸሎት መጽሐፌን መሳቢያ ውስጥ ወረወርሁት፤ ሁለት ሳምንት አላወጣሁትም። ግን የአባቴ ቃል አልለቀቀኝም። ወጥ ሳማስል፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ጌታሽን ሌባ አደረግሽው ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ እግዚአብሔርን እንደ ተላላኪ ነበር የያዝሁት። እዚህ ግባልኝ፣ ያንን አምጣልኝ፣ ማንም እንዳያይህ። ሲዘገይ ደግሞ እቆጣዋለሁ።

ይሄን ሁሉ አውቄ ተመለስሁ መሰላችሁ? በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ደወለና፣ "እታለም፣ አባዬ ምግብ እንቢ ብሏል፣ ቶሎ ነይ" አለኝ። አርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅሁና ተነሳሁ። ደሴ ስደርስ እግሮቼ ወደ አባቴ ቤት አልሄዱም። ገራዶ ወሰዱኝ። ሁለቱን ጀሪካን ሞላሁ፤ በሌላ ባጃጅ ነው የተመለስሁት፣ የድሮውን ባለ ባጃጅ አይቼ ፊቴን አዞርሁበት። ግቢ ስገባ ጀሪካኖቹን ከሌሎቹ ቢጫ ጀሪካኖች መሐል አስቀመጥኋቸው። እኔ ካልሆንሁ ማንም አይለያቸውም። አሁን ማንቆርቆሪያ የለም፤ ሲተኛ ግንባሩንና ከንፈሩን ብቻ አረጥብለታለሁ ብዬ ነው። አንዴ ብቻ። የመጨረሻ።

ያን ቀን ሙሉ አጠገቡ ዋልሁ። ውኃ ሲጠይቀኝ ከቤቱ ውኃ ቀድቼ አጠጣሁት፤ ዓይኑን ገልጦ እያየኝ አልቻልሁም። ሲተኛ እላለሁ። ሲተኛ ደግሞ እንቅልፉ ትንሽ ይጽና እላለሁ። እንዲህ ስል ነጋ። ሱብሂን፣ የንጋቱን ሰላት፣ በዓይኑና በጣቱ ሰግዶ፣ ወንድሜ ትራሱን ሊያስተካክልለት ጎንበስ እንዳለ አለፈ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ጀሪካኖቹ ሳይከፈቱ ውጭ ተቀምጠዋል።

ሰው መምጣት ጀመረ። ከትናንት ጀምሮ ሊጠይቀው ሲገባ ሲወጣ ለነበረው ሰው፣ ለሻይ፣ ለእጅ መታጠቢያ የቤቱ ውኃ ሁሉ አልቆ ነበር። ቧንቧው ደረቅ ነው። የሰፈሩን ጀናዛ የሚያጥቡት ሽማግሌ ሼህ ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሱ። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ በፊት መቀበር አለበት፤ አባቴን መጋረጃ ከልለው ሳንቃ ላይ አስተኝተውታል። ሼሁ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ "ውኃ" አሉ።

ወንድሜ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ አየ። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከዚያ የእኔን ሁለቱን አነሳ። "አልሐምዱ ሊላህ፣ ሁለት ሙሉ አለ" አለና ተሸክሞ በአጠገቤ አለፈ።

እዚህ ላይ ነው ሰማይ ምድሩ የዞረብኝ። አባቴን ከራሱ እስከ እግሩ ሊያጥቡት ነው፤ አንዴ አይደለም፣ እንደ ጥምቀት ሦስት ጊዜ፤ በጸበል፤ በሼሁ እጅ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመንሁት ይሄው እየተፈጸመ ነው፣ ያውም እኔ ሳልነካው። ወንድሜን ማን ላከው? ቧንቧውን ማን ዘጋው? መለሰልኝ አልሁ። እግዚአብሔር በመጨረሻ ሰማኝ፣ አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንሁት፤ በእርግጥ ጫንሁት፣ ቃል እንዳያመልጠኝ።

ሼሁ የመጀመሪያውን ክዳን ሲፈቱ ድምፁ ተሰማኝ። መጋረጃው በታች በኩል አጭር ነበርና የአባቴ እግር ይታየኛል፤ ያ ያጠብሁት እግር። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ከየት ነው ይሄ ውኃ የሚለኝ የለም። ያን ቀን ቢያንስ መጠየቅ ይችል ነበር፤ አሁን እጁን እንኳ መሰብሰብ አይችልም። አምላኬ በእርግጥ ይሄን ነው የሚፈልገው? መልስ መስጠት የማይችል ሽማግሌ ጠብቆ በጓሮ መግባት? ይሄን የሚያደርግ እሱ ካልሆነ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ስለምነው የኖርሁት ማንን ነው?

"ሼህ፣ ይቆዩ" አልሁ። "ያ ውኃ ጸበል ነው።"

ወንድሜ መጋረጃውን ገልጦ ወጣና፣ "ምን አልሽ?" አለኝ። ደገምሁለት። ፊቱ ሲቀያየር አየሁት። ሊጮህብኝ አፉን ከፈተ፣ ሼሁ ግን እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩና ወደ እኔ ዞሩ።

"አባትሽ ያውቀው ነበር?"

"የድሮውን ያውቅ ነበር። ይሄኛውን አያውቅም።"

ሼሁ፣ "እንግዲያ አልተጠየቀም" አሉ። ክዳኑን መልሰው አጠበቁት። "ሌላ ውኃ ይፈለግ። አንቺም አብሽሪ ልጄ፣ ነግረሽናል።"

ከፊት ለፊት ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው፣ ለቤታቸው ያስቀመጡትን ሁለት ጀሪካን ውኃ አሸክመው ላኩ። አባቴ በዚያ ታጠበ፣ ተከፈነ። ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ወጡ። ሴት መቃብር አትሄድም፤ እኔ ከደጅ ቀረሁ።

ሁለቱ ጀሪካን አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ጸሎቴን በገዛ አፌ አፈረስሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ በሩ ሲከፈት በገዛ እጄ ዘጋሁት። ልቤ ይረጋልኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልረጋም። ሰላም አልወረደብኝም፣ ድምፅ አልሰማሁም። አባቴ የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም፤ ያ ፍርሃት እንዳለ ነው። ፈርቼ፣ ፈዝዤ እንደተቀመጥሁ ወንድሜ ከቀብር ተመለሰ።

ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ጫማው አፈር በአፈር እንደሆነ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

"ማንም።"

ራሱን ነቀነቀ። ጀሪካኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "በየሳምንቱ ይሄን ስታመላልሺ የነበረው ሁሉ ለአባዬ ነው?"

"ለእሱ ነው።"

"ለመሆኑ አንቺ ትጠጪዋለሽ?"

ነገር ፈልጎኝ አይደለም፤ የጸበሉን ወግ ስለማያውቅ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን አባቴ ስለ ማንቆርቆሪያው ሲነግረኝ ያልደነገጥሁትን ደነገጥሁ። ያን ሁሉ ወር ገራዶ ድረስ ሄጄ፣ ምንጩ ሥር ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ሲጠጣና ሲጠመቅ እያየሁ፣ አንድ ቀን እፍኝ ለራሴ አልቀመስሁም። ጀሪካኑን ብቻ ነበር የምሞላው። እኔ የዳንሁ ነኝ፤ የሚያስፈልገው ለአባቴ ነው። እግዚአብሔርን አባቴን ለውጥልኝ እንጂ እኔን ንካኝ ብዬው አላውቅም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን።

"አልጠጣሁትም" አልሁት።

ወንድሜ ተነስቶ ቤት ገባ፣ አባቴ ውኃ የሚጠጣበትን ጣሳ ይዞልኝ መጣ። ጀሪካኑን እሱ አዘነበለልኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ ሳላስበው ጾመኛ ነበርሁ። በሁለት እጄ ይዤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ፤ የማውቀው ልመና ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነበር። ምንም ሳልለምን ጠጣሁት።